መነጽር በመነጽር ላይ

ሥራዬ ወፍ መፈለግ ነበር። ግሪሳ የሚባለው ትንሽ ወፍ እንደ ደመና ሆኖ ማሽላ ላይ ሲወርድ በአንድ ቀን ማሳውን ባዶ አገዳ ያደርገዋል። እኛ ማደሪያውን እናገኛለን፣ በአካባቢው ሰውም ከብትም አለመኖሩን እናረጋግጣለን፣ ከዚያ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል አውሮፕላን መጥቶ መርዝ ይረጫል። በደርግ ዘመን ዱብቲ ተቀምጬ የአዋሽን ረግረግ በዚህ ሥራ ዞሬዋለሁ። ዛሬ ሰመራ የቆመችበት ሜዳ ላይ ያኔ ከተማ አልነበረም።

ለሥራው የምሆን ሰው አልነበርኩም። ከልጅነቴ ጀምሮ ሩቅ አይታየኝም፤ መነጽሬም የጠርሙስ ቂጥ የሚሉት ዓይነት ነው። ይህን ሁሉም ያየዋል። ለማንም ያልነገርኩት ሌላ ነገር ነበር። መሥሪያ ቤቱ የሰጠኝ የሩቅ ማያ መነጽር ከጦር ሠራዊት የተረፈ፣ ከባድ፣ ዓይን የሚያርፍበት ጠርዙም ብረት ነበር። መነጽሬን እንዳደረግኩ ሳይበት በቁልፍ ቀዳዳ እንደ ማየት ነው፤ መሐሉ ጥርት ይላል፣ ዙሪያው ጨለማ ነው። መነጽሬን ሳወልቅ ደግሞ ክቡ ይሰፋል፤ ግን ማስተካከያውን እስከ መጨረሻው ባዞረውም ብዥታው አይለቅም። ብናገር ከመስክ ያነሱኛል ብዬ ፈራሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከዱብቲ በታች ወንዙ ዳር በበቀለ ደንገል ውስጥ ወፎቹን አገኘናቸው። መንገድ መሪያችን፣ በዕድሜ የሚበልጠኝ የአፋር ሰው፣ የአሱር ሰላት ሊሰግድ ወደ ወንዙ ወርዶ ነበር። ሾፌራችን ከሬዲዮው ላይ ቀና ብሎ፣ «አብራሪው ነፋስ ሳይነሳ ልምጣ ይላል» አለኝ።

«መሪያችንን ብንጠብቀውስ?»

«አንተ ታያለህ አይደል?»

«አያለሁ» አልኩ።

በዚያች ቀዳዳ ደንገሉን ከግራ ወደ ቀኝ ቃኘሁት። ደንገል፣ ወፍ፣ እንደገና ደንገል። «ባዶ ነው በለው» አልኩት።

መሪያችን ሲመለስ አውሮፕላኑ ሁለተኛውን ዙር እየረጨ ነበር። ጫማውን በእጁ ይዞ እየሮጠ መጣ። «ከደንገሉ ማዶ ሴት አለች» አለ። «ፍየል ታጠጣለች።»

ዞረን ስንደርስ ፍየሎቹ ግማሾቹ ወድቀው እግራቸው ይንፈራገጣል። ሴትየዋ ተንበርክካ ታስመልሳለች፤ ምራቋ ያለማቋረጥ ይወርዳል። መኪናው ላይ ጭነናት ሆስፒታል ወሰድናት። ዘጠኝ ቀን ተኝታ ዳነች፤ እጇ ግን ይንቀጠቀጥ ጀመር። ፍየሎቿ ከሦስት በቀር አለቁ። አለቃዬ ባዘጋጀው ሪፖርት ላይ «ምልክት ከተሰጠ በኋላ ሳይታወቅ ወደ አካባቢው የገቡ» የሚል ተጽፎ ነበር። ፈረምኩበት።

ከሁለት ወር በኋላ አዋሽ ከተማ ተጠራሁ። ለመስክ ሠራተኞች አዲስ የሩቅ ማያ ሊገዛ ነው፣ ሦስት ናሙና መጥቷል፣ የሚያውቅበት ሰው ይምረጥ ተባለ። የሚያውቅበት የተባልኩት እኔ ነበርኩ። የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ የወሎ ሰው፣ ረጋ ያሉ ሽማግሌ ናቸው። ሦስቱንም አግዳሚ ወንበር ላይ ደረደሩልኝ።

የመጀመሪያው ለአንገት ይከብዳል። ሁለተኛው ቀላል ነበር፤ በመነጽሬ ላይ ሳደርገው ግን ያው የቁልፍ ቀዳዳ ሆነብኝ። ሦስተኛው ከሁሉ ውድ ነው። ዓይን የሚያርፍበት ጠርዙ ጎማ ነው።

«ጎማውን ወደ ኋላ እጠፈው» አሉኝ። «መነጽር ላደረገ ሰው ነው ተብሏል።»

አጠፍኩትና ከግቢው ወደ ባቡር ጣቢያው ተመለከትኩ። ክቡ ከዳር እስከ ዳር ተሞላ። ሐዲዱ፣ የከሰል ጆንያዎች፣ በአህያ ጥላ የተቀመጠ ሰው፣ ከጥግ ላይ ቀይ ሻሽ ያሰረች ሴት ውኃ ስትቀዳ፣ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አየሁ። ያን ሁሉ ዓመት ምን ያህል ሳላይ «አያለሁ» ስል እንደነበር የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

«ምነው፣ አልተመቸህም?» አሉኝ።

«ተመችቶኛል፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ለምን ታለቅሳለህ?»

ነገርኳቸው። ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነበር። ሰሙኝና፣ «አብሽር፣ አይዞህ» አሉ። «ግን ይህን ለእኔ አይደለም መንገር ያለብህ።»

መሪያችንን ይዤ ወደ ሴትየዋ ሰፈር ሄድኩ። ባሏ ከጎጆው ውጭ ተቀምጦ ነበር። እኔ በአማርኛ እናገራለሁ፣ መሪያችን ወደ አፋርኛ ይመልሳል።

«ዘግይታ አልገባችም» አልኩ። «እዚያው ነበረች። ዓይኔ ደካማ ነው፤ አላየኋትም።»

ባልየው ጠየቀ፣ «ዓይንህ ደካማ መሆኑን ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ቀጥሎ የተናገረውን መሪያችን ወዲያው አልተረጎመልኝም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የእኔ ዓይን ከሩቅ እንደሚያይ ያውቃል» አለኝ። «ለምን መሪህን አልጠበቅከውም ይልሃል።»

ሴትየዋ ከውስጥ ሆና ታዳምጥ ኖሮ ወጣች። የሚንቀጠቀጠውን እጇን በሌላው ይዛ፣ «ሁለተኛ ስትረጩ አስቀድማችሁ ሰው ላኩብን» አለች። «በእግሩ የሚመጣ ሰው።»

ተመልሼ ሪፖርቱን የሚያስተካክል ደብዳቤ ጻፍኩ። አለቃዬ አንብቦ በሩን ዘጋ። «አሻጥር ነው የሚሉት» አለኝ። «በዚህ ዘመን አሻጥር የተባለ ሰው የት እንደሚገባ ታውቃለህ። አንተም እኔም።» ደብዳቤውን መሳቢያው ውስጥ ከተተው። ልከራከረው ይገባ ነበር፤ ፈራሁና ወጣሁ። እስከ ዛሬም መዝገቡ ላይ ያለው ያ የመጀመሪያው የውሸት ሪፖርት ሳይሆን አይቀርም።

ከዚያ ወዲህ መርዝ ከመረጨቱ አንድ ቀን ቀድመን ከመሪያችን ጋር ደንገሉን ዙሪያውን በእግር ሄደን፣ ሰፈር ለሰፈር ሳንነግር ምልክት አልሰጠሁም። በዚህ ምክንያት አንድ ጊዜ አውሮፕላኑ ሳይረጭ ተመለሰ፣ አንድ ማሳም በወፍ አለቀ፤ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ። አዲሱ የሩቅ ማያ ጥሩ ዕቃ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ባይበትም ራሴን አያመኝም።

በዓመቱ በዚያ በኩል ስናልፍ ሴትየዋን ጥቂት ፍየሎች ስትነዳ አገኘናት። ቆማ መሪያችንን ስለ ቤተሰቡ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ ጠየቀችው። ወደ እኔ ግን ዞር ብላ አላየችም። እኔም ከመኪናው አልወረድኩም።