በግራ በኩል የምታልበው ሴት

የገበሬው ሚስት ከሞተች ሃያ ቀን ሆናት፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ቀይዋ ላም ወተቷን ከልክላዋለች። ጥጃዋ ሲጠባ ትለቃለች። እሱ ማለቢያውን ይዞ በቀኟ ሲቀመጥ ግን እግሯን ታነሳለች፣ ወተቷን ትቋጥራለች፣ ከዚያ አንገቷን ወደ ግራ አዙራ ማንም የሌለበትን ቦታ ታሸታለች። ገበሬውን ያስፈራው ይሄ ማሽተቷ ነው፤ እርግጫውንስ ለምዶታል። እዚያ ጋ የቆመውን እሷ ታያለች፣ እኔ አላይም ብሎ አምኗል፤ ሟቿ ይቅር እንዳላለችውም ከዚህ የበለጠ ምስክር አላስፈለገውም። ስለዚህ ላሟን ቅዳሜ ለሥጋ ሻጩ ሊሰጥ ተስማማ። ሰው ሲፈራ የሚሠራውን አያውቅም።

ሴትዮዋ ተራራ ትወድ ነበር፤ ይሄን ያህል ነው ተብሎ አይነገርም። ጠዋት ከልጇ ፊት በፊት የምታየው ከእርሻቸው ማዶ የተገተረውን ተራራ ነው። «ዛሬ ተኮሳትሯል፣ ልብሱን አስገቡ» ካለች፣ ሰማዩ ጥርት ቢልም ከሰዓት መዝነቡ አይቀርም። አርማ፣ አጭዳ፣ እንጨት ተሸክማ ስትመለስ ሸክሙን ሳታወርድ ቆማ ታየዋለች። ጎረቤቶቿ «የትኛው ነው ባልሽ፣ ረጅሙ ነው አጭሩ?» እያሉ ይቀልዱባት ነበር። ገበሬው ቁመቱ አጠር ያለ ነውና ቀልዱ አይጥመውም። እሷ ግን «አጭሩ ያወራል፣ ረጅሙ ያዳምጣል» ብላ ሥራዋን ትቀጥላለች።

ታዲያ አንድ ቀን እንኳ ወጥታው አታውቅም። ያሰሯት ላሞቹ ናቸው። ላም በቀን ሁለቴ ትታለባለች፤ የሷ ላሞች ደግሞ ከሷ እጅ በቀር እሺ አይሉም። የአገሩ ሰው ሁሉ ላም የሚያልበው በቀኝ ተቀምጦ ነው፣ እሷ በግራ። በዚያ በኩል ሲቀመጡ በበረቱ በር ተራራው ይታያላ! በዚያ በረት ያለፈች ላም ሁሉ ይሄንኑ ለምዳ ኖረች።

ከአሥር ዓመት በፊት አንድ ጊዜ ልትወጣው ቆርጣ ተነስታ ነበር።

«ነገ ጠዋት አንተ እለብልኝ» አለችው። «ግን በኔ በኩል ተቀመጥ።»

«ወንድ ልጅ በግራ ሲያልብ የት አየሽ? አባቴ ቢያየኝ ምን ይላል?»

«አባትህ ከሞቱ ስንት ዘመናቸው! በግራ፣ አደራ።»

ሲነጋ ልጇን አስከትላ ሄደች። እሱ አባቱን አስደስቶ በቀኝ ተቀመጠ። የዚያን ጊዜዋ ላም ማለቢያውን በእርግጫ አጉና ግድግዳ ላይ ለጠፈችው። ገበሬው አጥሩ ላይ ወጥቶ ሸለቆው እስኪያስተጋባ ተጣራ፤ «ነይ! ላምሽ አበደች!» ሴትዮዋ ከተራራው ግርጌ ተመለሰች። ቀሚሷን ሰብስባ በግራ ተቀመጠችና አለበች። እሱ ቀኑን ሙሉ ላሟንና ያሞላቀቀቻትን ሲራገም ዋለ። ሴትዮዋ ሁለተኛ አልጠየቀችም። ይሄ አለመጠየቋ ነው አሁን ሃያ ቀን ሙሉ በረት ውስጥ የሚያባንነው።

ዓርብ ከሰዓት ልጁ ከከተማ መጣች፤ ላሟ ሳትሄድ ልያት ብላ ነው። በበረቱ በር አጠገብ ግንቡን ተደግፋ የአባቷን ትግል ትንሽ ተመለከተች።

«አባባ፣ በእማማ በኩል ተቀመጥ እንጂ!»

«እዚያ ሰው አለ» አላት፣ ቀና ሳይል።

አልሳቀችበትም። እሷም ብትሆን ከመጣች ጀምሮ ወደዚያ ጥግ አልሄደችም። «ካለችም ትጠጋልሃለች» አለችው።

ገበሬው በርጩማውን አንስቶ በላሟ ኋላ ዞረ። ተቀመጠ፤ ግንባሩን ሆዷ ላይ አሳርፎ ጡቷን ያዘ። ላሟ በረጅሙ ተነፈሰች። ወተቱ ማለቢያውን እየደበደበ ወረደ፣ አላቋርጥም አለ። ቀና ሲል ተራራው በሩን ሞልቶት ነበር። አንዲት ቀጭን መንገድ ከእርሻው ዳር ተነስታ እስከ ተራራው ጫፍ ድረስ ትታያለች። በዚህ ግቢ አርጅቶ መንገዲቱን ከዚህ ቦታ አይቷት አያውቅም።

«መውጫው ያ ነው?»

«እሱ ነው።»

«ያን ቀን ባልጠራችሁ ኖሮ ስንት ቀን ትቆዩ ነበር?»

«የምን ቀን አባባ? ለምሳ እንመለስ ነበር እኮ።»

እጁ ቆመ። «ነገ ጠዋት» ያለችው መነሻዋን ብቻ መስሎት ነበር፤ በሱ ሐሳብ ሁለት ቀን፣ ምናልባትም ሦስት የሚወስድ መንገድ ነበር፤ ጥፋቱንም ሲመዝን የኖረው በዚያ ልክ ነው፤ ሦስት ቀን ሙሉ ከብት ያለ አላቢ ይቀር ነበር እያለ። ለካ የከለከላት አንድ ጠዋት ነው። አንድ ጊዜ በርጩማውን አንስቶ በላሟ ኋላ መዞር ብቻ። አለቀሰ፤ ልጁ ፊት አልቅሶ አያውቅም ነበር።

ከኋላው፣ በጣም ቀርቦ፣ ሰው የቆመ መሰለው። ልጁ ያለችው በሩ ጋ ነው። ፀጉሩ ቆመ፤ ሆኖም አልዞረም። ሁለት እጁን ወደ ላሟ ጡት መለሰ።

«ሂጂ» አለ፣ ዓይኑን ከመንገዲቱ ሳይነቅል። «ሂጂ፣ እኔ አልባታለሁ።»