የነዳያን ድርሻ

እጄ ፈጣን ነው። ካይሮ፣ ቡላቅ አል-ዳክሩር ሰፈር በኖርኩባቸው ዓመታት ሚኒባስ ውስጥ እጁ አላርፍ ያለ ጎረምሳን በጫማዬ ተረከዝ ግንባሩን ፈንክቼዋለሁ፤ ውሃ ጨረስሽብን ብላ እናቴን የሰደበች ጎረቤቴንም ፀጉሯን ይዤ ደረጃ ለደረጃ ጎትቻታለሁ። በሰፈሩ ዱላ ብርቅ አልነበረም። ባል ሚስቱን ይመታል፣ ፖሊስ ያገኘውን ይመታል፤ ግድግዳው ስስ ስለሆነ ማን መቼ እንደሚመታ ሳንወድ እናውቅ ነበር። እኔም ቀኑን ሙሉ የሰው ቤት ስፈገፍግ ውዬ ስመለስ ንዴቴን የማራግፍበት ሰው አላጣም። ፈሪ ነሽ ያለኝ ግን አልነበረም። ለጉራ አይደለም የማወራው። ያን ዓርብ ያደረግሁትን ስነግራችሁ፣ ተፈጥሮዋ ነው ብላችሁ እንዳታልፉኝ ነው።

ማኅበራችን የሚካኤል ነበር። አብዛኞቻችን በሰው ቤት ተቀጥረን ስለምንሠራና እረፍታችን ዓርብ ስለሆነ፣ በየወሩ ለአሥራ ሁለት በሚቀርበው ዓርብ እንሰበሰባለን። ዓርብ ደግሞ ጾም ነውና ዝክሩ ሽሮና ምስር ነው። ጠላ የሚጠመቅበት ቦታ ስላልነበረ በጽዋው ከርከዴ፣ ቀዩን የአበባ ሻይ፣ እንቀዳ ነበር። ጸሎት ይደረሳል፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ዳቦው ይቆረሳል፤ ማንም ሳይቀምስ ግን የነዳያን ድርሻ ተነሥቶ በሳህን ተከድኖ ይቀመጣል።

አገር ቤት ቢሆን የኔ ቢጤው ራሱ ደጅ ይመጣል። ካይሮ ላይ ማን ይምጣ? አንድ ጊዜ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ለምትለምን ግብፃዊት አሮጊት ወሰድንላት። እንጀራውን ቀመስ አድርጋ “ማሌሽ፣ ይቅር በሉኝ፣ ይሄ ኮምጥጧል” ብላ ለድመት ጣለችው። ሌላ ጊዜ፣ ሥራ አጥቶ ምድር ቤት ለሚተኛ የቀድሞ መቶ አለቃ ላክንለት። እሱ ደግሞ “እኔን ነዳይ አላችሁኝ?” ብሎ ሳህኑን በያዘችው ሴት ፊት ላይ ሰበረው። ቅንድቧ ላይ አምስት ቦታ ተሰፋች። ከዚያ ወዲያ ማኅበሩን የሚመራው ሙሴያችን፣ ሐበሻ ሐበሻን ነዳይ እንዳይል ደነገገ፤ እኛም ልክ ነው ብለን ተስማማን። ግማሾቻችን ራት የማንበላ ሰዎች ድሀ አጣን ብለን በየወሩ ስንጨነቅ ያየን ሰው በሳቅ ይፈርስ ነበር።

በዚያው ሰሞን ሰገነቱ ላይ፣ የእርግብ ቤቱ አጠገብ ባለችው ክፍል አንዲት የወሎ ልጅ ገብታ ነበር። ሄሊዮፖሊስ፣ የሀብታሞቹ ሰፈር፣ ካሉ አሠሪዎቿ አምልጣ ነው የመጣችው። ፓስፖርቷ እነሱ ጋ ቀርቷል፤ ክንዷ ላይ የካውያ ጠባሳ አለ። ሙስሊም ናት። ደረጃ ላይ ስንገናኝ አንገቷን ሰበር አድርጋ “እታለም፣ እንዴት አደሩ?” ትለኛለች። ምን በልታ እንደምታድር ግን ጠይቄያት አላውቅም። መጠየቁ እሷን ማዋረድ ይመስለኝ ነበር።

ያን ዓርብ ተረኛዋ እኔ ነበርኩ፤ ማኅበርተኛው ሁሉ እኔ ቤት ነበር። ሙሴያችን ጸሎቱን ጀምሮ ሳለ ከላይ የሰገነቱ በር በርግጫ ሲሰበር ሰማን። ቀጥሎ ጩኸቷ መጣ። በበሩ ቀዳዳ ሳይ ሁለት ወንዶች ፀጉሯን ይዘው በደረጃው ያወርዷታል። አንዱ ሸሚዙ የተተኮሰ ወጣት ነው፤ “ፓስፖርትሽ እኛ ጋ ነው፣ ወዴት ነው የምታመልጪው?” ሲል የአሠሪዋ ልጅ መሆኑ ገባኝ። ሌላው ወፍራም ነው፤ ሾፌራቸው ሳይሆን አይቀርም። እኛ ፎቅ ሲደርሱ እንደምንም ተፈናጥራ የእኔ በር ላይ ወደቀች።

“እታለም! እታለም፣ ይክፈቱልኝ! ወላሂ ይገድሉኛል!”

እጄ መቀርቀሪያው ላይ ነበር። ሙሴያችን ከኋላዬ፣ “አንቺ፣ ተይ!” አለ። “እዚህ ውስጥ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ኢቃማው፣ ያልተቃጠለበት ማን አለ? ፖሊስ ከመጣ ኸላስ፣ ሁላችንም በአውሮፕላን ነን። ደግሞ የእኛም ሰው አይደለችም።”

መቀርቀሪያውን አጥብቄ ገፋሁት። ከዚያም ዞሬ ጀርባዬን በሩ ላይ ለጠፍኩ።

ራሷን ይሁን ክርኗን አላውቅም፣ እንጨቱ ላይ ሲያጋጩት በትከሻዬ ይሰማኝ ነበር። አንድ፣ ደግሞ አንድ። በጥፍሯ በሩን ስትቧጥጥ ሰማሁ። አንደኛዋ ማኅበርተኛ ጸሎቱን ካቆመበት አንሥታ በጩኸት ማነብነብ ጀመረች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። ጩኸታችን የልጅቷን ጩኸት ሊውጠው ምንም አልቀረውም። ከዚያ አንድ ነገር ቀጭ አለ፤ ደረቅ እንጨት ሲሰበር እንደሚሰማው ነው። ከዚያ በኋላ እታለም ብላ አልጠራችኝም።

በሩን የከፈትኩት ከታች የሌላ ሰው ድምፅ ስሰማ ነው። ደረጃው ሥር ሽንኩርት የምትሸጥ ግብፃዊት ነበረች፤ ባሏ ሞቶባት አምስት ልጆች በአንዲት ክፍል የምታሳድግ ሴት ናት። “ሐራም ዐለይኩም!” እያለች የሚዛኗን ብረት ይዛ ወጥታባቸዋለች። ብቅ ስል ሾፌሩ ደም የሚያዘራ ጆሮውን በመዳፉ ሸፍኖ ይሮጣል፤ ወጣቱም ተከትሎታል። ልጅቷ አንድ ፎቅ ዝቅ ብላ ተጋድማለች፤ አገጯ ከቦታው ወጥቶ ወደ ጎን ዞሯል። ሴትየዋ የልጅቷን ጭንቅላት ጉልበቷ ላይ አድርጋ ደሙ እንዳያንቃት በጣቷ ከአፏ ታወጣለች። ነጠላችንን ተከናንበን በሩ ላይ መታጨቃችንን ቀና ብላ አየች። ለምን አልከፈታችሁም አላለችንም። “ውሃ” ብቻ አለች።

ውሃ ልቀዳ ስዞር ሙሴያችን ነጠላውን እያስተካከለ፣ “ተመስገን፣ ተረፈች” አለ። “በሉ የነዳያኑን ድርሻ ለእሷ አውርዱላት። ዛሬ እንኳ የሚቀበል ተገኘ።”

የሽሮውን ጭልፋ አንሥቼ አፉን አልኩት። ከንፈሩ ተሰንጥቆ ደሙ በነጠላው ወረደ። ደገምኩት። ሦስተኛ ስሰነዝር ሴቶቹ እጄን ያዙኝ። አባቴ የሚሆን ሰው ነው። እሱ ተናገረ እንጂ የቆለፍኩት እኔ ነኝ፤ እያወቅሁ ነው የመታሁት። ያን ጊዜ ግን ሌላ የምመታው ሰው አጠገቤ አልነበረም።

በሚቀጥለው ወር ማኅበሩ በእኔ ጉዳይ ላይ ተወያየ። ድንጋይ ተሸክሜ ሙሴው እግር ላይ ወድቄ ይቅርታ እንድጠይቅ ተፈረደብኝ። ካይሮ ውስጥ ድንጋይ የት ይገኛል? ከሚፈርስ ቤት ጡብ ለቅሜ መጣሁ። ተሸክሜ ወደቅሁ፤ እግዚአብሔር ይፍታሽ ተባልኩ፤ ሁሉም እልል አሉ። ልጅቷንም ይቅርታ እንጠይቅ ያለ አንድ ሰው አልነበረም። እኔም አላልኩም።

ልጅቷ ሽንኩርት ሻጯ ክፍል ውስጥ፣ ከልጆቿ ጋር አንድ ፍራሽ ላይ ትተኛ ነበር። አገጯን በሽቦ አስረውላት ፈሳሽ ብቻ ነው የምትወስደው። ለመሄድ እግሬን የጎተትኩት ብዙ ቀን ነው። በመጨረሻ የጓቫ ጭማቂ ይዤ ሄድኩ። ተነሥታ ልትቀበለኝ ሞከረች፤ እንደ ወትሮው አንገቷን ሰበር አድርጋ። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ስለ ሙቀቱ አወራሁ። እሷ ጭማቂውን በቀሰም ትንሽ ትንሽ እየሳበች ሰማችኝ።

ከዚያ በታሰሩት ጥርሶቿ መካከል፣ ቃሉን እያነቀች፣ “እታለም፣ ያን ቀን ውስጥ ስንት ነበራችሁ?” አለችኝ።

ልዋሻት አሰብኩ። ዓይኗን ሳየው አቃተኝ።

“አሥራ አንድ” አልኳት።

ቀሰሙን ከአፏ አወጣች።

“እነሱ እኮ ሁለት ነበሩ” አለችኝ።