ከሰው እጅ የማይበላው ውሻችን

በደርግ ጊዜ አርብ ገበያ ከተማ ሳስተምር አንድ ውሻ ነበረን። ሌቦች መርዝ አብልተው እንዳይገድሉብኝ ብዬ ገና ቡችላ ሳለ ጎረቤቶች ቁራሽ እንዲያቀርቡለት አደርግና አፉን ሲከፍት በአርጩሜ እገርፈው ነበር። ከእኔና ከባለቤቴ እጅ በቀር እህል የማይቀምስ ሆነ። በዚህ እኮራ ነበር።

ጥቅምት ላይ ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ ያዘው። ባለቤቴ «እዚሁ እናስታመው፤ አጥሚት እየሰጠሁ አድነዋለሁ» አለችኝ። ተቆጣሁ። «ሐኪም ባለበት አገር በአጥሚት?» ብዬ አህያ ላይ ጫንኩት። ከበር ሳልወጣ «ከሰው እጅ አይበላም እኮ» አለችኝ።

«ሲርበው ይበላል» አልኳት።

ንፋስ መውጫ ያለው የእንስሳት ሐኪም «መምህር፣ መርፌው አምስት ቀን ይፈልጋል፤ እዚሁ ይተዉት» አለኝ። ተማሪዎች ስለሚጠብቁኝ ጓሮው ውስጥ አስሬው ተመለስኩ። አልጮኸም፤ መንገዱን እስክታጠፍ ድረስ ዝም ብሎ አየኝ። ከዚያ በኋላ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ እንኳ የሚታየኝ ዓይኑ ነበር።

በስድስተኛው ቀን ስደርስ ሐኪሙ አንገቱን ደፍቶ ተቀበለኝ። «ተቅማጡ ቆሞለት ነበር» አለና ወደ ጓሮው ወሰደኝ። ውሻዬ ባሰርኩበት ቦታ ተጠቅልሎ ሞቷል። ወተቱም ሥጋውም ሳይነካ አጠገቡ ተቀምጧል።

«ምግብ ይዤ እጄን በዘረጋሁ ቁጥር ይሸማቀቅ ነበር» አለኝ ሐኪሙ። «መምህር፣ ማን ይሆን እንዲህ የመታው?»