የአባወራው ጾም

ሰው ውሻ ያሳድጋል፣ ድመት ያሳድጋል፤ እኔ ዓሣ አሳደግሁ። ይህን ስል የሚስቅ እንዳለ አውቃለሁ፤ ይሳቅ። ሐይቅ ከተማ ውስጥ ዓሣ የሚታወቀው በመጥበሻ ነው። ከዓረብ አገር በተመለስኩ በሦስተኛው ወር፣ ከመሃል ጣቴ የማይበልጥ ቆሮሶ የሚባል የሐይቃችንን ዓሣ በውሃ ላስቲክ ይዤ ስገባ አባቴ ላስቲኩን ተቀብሎ ወደ ፀሐይ አነሳና «ይሄ ለማን ይበቃል?» አለኝ።

ያመጣሁት ለጌጥ አልነበረም። ዓረብ አገር ስድስት ዓመት የሠራሁበት ቤት ሳሎን ውስጥ ቁም ሣጥን የሚያህል የመስታወት ገንዳ ነበረ፤ ገንዳው ውስጥ ደግሞ ሰሃን የሚያህል፣ ጥቁርና ብርቱካንማ፣ አኩራፊ ዓሣ። በዚያ ቤት ሳይጮህ የሚጠራኝ ሰው አልነበረም። ዓሣው ግን ገና ከማድ ቤት ብቅ ስል ጭራውን እያወዛወዘ መስታወቱ ላይ ይለጠፋል፤ እጄን ስከት መዳፌ ላይ ጋደም ይላል። አገሬ ስገባ መኝታ እንጂ ሌላ ነገር አላምረኝ አለ። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ እውላለሁ። እናቴ ምሳ አስቀምጣ ትሄዳለች፣ እንዳለ መልሳ ታነሳለች። ከዚያ አልጋ ያስነሳኝ ያ ጣት የማይሞላ ቆሮሶ ነው፤ ካልተነሳሁ ማን ያበላዋል? ስለዚህ በኋላ እሱ ምግብ እምቢ ሲል የፈራሁት ለእሱ ብቻ አይደለም። ያ ግድግዳ እንዳይመለስብኝ ነው የፈራሁት።

በረንዳችን ላይ የተቀመጠውን የቆሮሶዬን ገንዳ የሠራልኝ በርና መስኮት የሚገጥም ባለሙያ ነው። «ለሱቅ ነው?» አለኝ። «ለዓሣ» አልኩት። ሳቁን ውጦ ወፍራሙን መስታወት ቆረጠልኝ። ውሃውን የምታናፍሰውን ትንሽ ሞተር በሻንጣዬ ይዤ መጥቼ ነበር። ውሃ ከሐይቁ በጄሪካን፣ በባጃጅ አመላልሳለሁ፤ ባለባጃጁ መጀመሪያ ጠበል መስሎት አንድ ቀን ፊቱን ታጥቦበታል።

ዓሣው በሦስት ዓመት ከክርኔ እስከ አንጓዬ ደረሰ። ጠባዩም አብሮት አደገ። ስሙን አባወራው ያልነው ቤቱን እሱ ስለሚያስተዳድረው ነው። ጠጠሮቹን አሳምሬ ደርድሬ ስተኛ፣ ሲነጋ አንድም ሳይቀር በአፉ እየለቀመ ወደ ግራ ጥግ ከምሮ አገኘዋለሁ። መልሼ እደረድራለሁ፤ መልሶ ይከምራል። ቁርስ ከዘገየ ጠጠር ይጎርስና መስታወቱ ላይ ጢቅ ያደርገዋል። ውሃ የለወጥኩለት ቀን ፊቱን ወደ ጥግ አዙሮ እስከ ማታ ያኮርፋል። ቢጫ ጄሪካን ሲያይ ያብዳል። እናቴን ይወዳል፤ አባቴ ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ ሲመጣ ግን ጀርባውን ይሰጠዋል። አባቴ በበኩሉ ባለፈ ባገደመ ቁጥር «እህሳ፣ አልደረሰም?» ማለቱን አልተወም። እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም፣ «አንተም እኮ ደርሰሃል፤ ማን ጠበሰህ?» እለዋለሁ።

ባለፈው ዓመት ብቻውን ነው ብዬ አሰብኩና አንድ አነስ ያለ ቆሮሶ ከሐይቁ አምጥቼ ጨመርኩለት። አባወራው ሁለት ሳምንት ሙሉ አሳደደው። ትንሹ በስተቀኝ ጥግ አሸዋ እየቆፈረ ጉድጓድ ሠራ። ክፍል የተከራየ መሰለኝ። ከዚያ በድንገት ታረቁ፤ እሰየው ብዬ ተውኳቸው።

ነገሩ የመጣው ሁዳዴና ረመዳን በአንድ ሳምንት በገቡበት ጊዜ ነው። ሁዳዴ ሰኞ ገባ፤ ረመዳን ቅዳሜ። አባወራው ደግሞ በመካከላቸው፣ ረቡዕ ዕለት ምግብ አቆመ። እንጀራ ብሰጠው አይነካም። ትል ቆፍሬ ባመጣለት፣ ትሉ አፍንጫው ሥር ሲወራጭ ዝም ብሎ ያየዋል። ትንሹን ዓሣም አላስጠጋው አለ።

እናቴ አራተኛው ቀን፣ ቅዳሜ፣ ገንዳው ፊት ቆማ ዓይኗ እንባ ሞላ። «ሱብሃነላህ! ጾመ እኮ!»

ጎረቤታችን እትዬ ይህን ሰምተው በአጥሩ በኩል መጡ። ክርስቲያን ናቸው፤ ከእናቴ ጋር ልጆቻቸውን አብረው ያሳደጉ፣ ሳይከራከሩ የማይውሉ።

«የጀመረው መቼ ነው?» አሉ።

«ረቡዕ።»

«በይ ተይው፤ የኛ ነው። ሁለት ቀን ዘግይቶ ነው እንጂ ሁዳዴ ነው የያዘው።»

«ኧረ በአላህ! ሱና ጾም ቀደም ብሎ ይዞ ነው ወደ ረመዳን የገባው» አለች እናቴ።

«ረመዳን ከሆነ ማታ ያፈጥራላ! ማታ በልቷል?»

እናቴ በዚያ ቀን መግሪብ ላይ ቴምር ፈርፍራ ሰጠችው። አልበላም። ሱሑር ላይ ተነስታ ደግሞ ሞከረች። አልበላም። በማግስቱ እትዬ ደስታቸውን መደበቅ አቃታቸው።

ወሬው ሰፈሩን አዳረሰ። ከሰላት መልስ የሚያይ አለ፣ ከቅዳሴ መልስ የሚያይ አለ። እኔ መጀመሪያ እስቅ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ሳቄ አለቀ። አባወራው ከሳ፤ ጀርባው እንደ ቢላ ሾለ። ጉንጩ ግን ከአገጩ በታች አብጦ ሳያቋርጥ ያኝካል፤ ምንም ሳይበላ ያኝካል። አባቴ ጎንበስ ብሎ አየውና «ይሄ ጾመኛ አይደለም፣ ጫት ቅሟል። ጉንጩን አታዩትም? መርቅኗል» አለ። እናቴ «ጆሮ ደግፍ ነው» አለች። እትዬ ጠበል በጠርሙስ አመጡ። እናቴ ዱዓ የተደረገበት ውሃ አመጣች። ማንን አስቀይማለሁ? ሁለቱንም ጨመርኩ።

በሦስተኛው ሳምንት አባቴ ፍርዱን ሰጠ። «እስከ ሐሙስ ካልበላ ሐሙስ እናፈጥርበታለን። ሞቶ የተንሳፈፈ ዓሣ እኔ አልበላም። ሦስት ዓመት የበላው እንጀራ ሜዳ አይወድቅም።»

«እኔ በሁዳዴ ዓሣ አልቀምስ፤ ለፋሲካ ይቆይልኝ» አሉ እትዬ፣ መቀለዳቸው ነበር።

እኔ አልቀለድኩም። «እሱን ከጠበሳችሁ እኔንም አብራችሁ ጥበሱኝ!» ብዬ በሩን ወርውሬ ገባሁ። አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩ። ግድግዳው እዚያው ነበር። እንዳልተኛ ብዬ ተነስቼ ቆምኩ፤ ቆሜም አለቀስኩ።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ወሰንኩ። በራሱ ካልበላ በግድ አበላዋለሁ። እናቴ ባልዲ በገንዳው ውሃ ሞልታ ያዘች፣ እትዬ ፎጣ ያዙ። አባወራውን በእርጥብ ጨርቅ አቅፌ አወጣሁት፤ ሲያዩት የሚያስፈራው ዓሣ እጄ ላይ ቀልሎ ነበር። ባልዲው ላይ አድርጌ በአውራ ጣቴ የታች መንጋጋውን ሳብኩት። አፉ ሲከፈት ከውስጡ አንድ ነገር ባልዲው ውስጥ ዝርግፍ አለ። ደቃቅ፣ የሚርመሰመስ፣ ብዙ።

«አዑዙ ቢላህ!»

«በስመ አብ! ትል! ትል ነው የጨረሰው!»

ደንግጬ ለቀቅሁት፤ ባልዲው ውስጥ ጧ ብሎ ወደቀ። እትዬ «ድፊው! ድፊው!» ይላሉ። እናቴ ዓሣውን አውጥታ ውሃውን ፓፓያው ሥር ልትደፋ እጇን ሰደደች። ያ ሦስት ዓመት ሙሉ ከእጇ የበላ ዓሣ እጇን በጭንቅላቱ መታው። አንዴ አይደለም፣ ሁለቴ። እናቴ እጇን ሳበች። እሱም ዞሮ፣ ዝቅ ብሎ፣ አፉን ከፈተ። ያ ሁሉ «ትል» ተሽቀዳድሞ አፉ ውስጥ ገባ።

 እትዬ መነጽራቸውን አድርገው ባልዲው ላይ አጎነበሱ። የዘገዩ ሁለት ሦስቱ ገና በመግቢያው ይጋፉ ነበር።

«ዓይን አላቸው» አሉ ቀስ ብለው። «ጭራም አላቸው። አንች ልጅ፣ አባወራ ትያለሽ፤ ይች እኮ እማወራ ናት!»

ሐይቅ ዳር ተወልጄ፣ ሐይቅ ዳር አድጌ፣ ቆሮሶ ልጆቿን በአፏ እንደምታሳድግ አላውቅም ነበር። ዓሣ አጥማጆቹ ሲያውቁት የኖሩት ነገር ነው፤ እኛ ግን ዓሣን የምናውቀው ከዘይት በኋላ ነው። መሬት ላይ ተቀመጥኩና እየሳቅሁ አለቀስኩ። ያ ሁሉ ትል፣ ያ ሁሉ ቴምር! ብትውጥ ልጆቿን ልትውጥ፤ ብትተፋ ልጆቿን ልትተፋ። እኔ ደግሞ አፏን በአውራ ጣቴ ፈለቀቅሁት። እስካሁን ሳስበው አውራ ጣቴ ያፍራል። እናቴ ትከሻዬን ነካ አድርጋ «አየሽ ልጄ፣ አፍ መያዝ እንዲህ ነው፤ ተማሪ» አለችኝ። አጋጣሚ አታሳልፍም።

ወደ ገንዳዋ መለስናት። ትንሹን፣ ለካስ ባሏን፣ ለብቻው በርሜል ውስጥ አደረግሁት። አባቴ ከገበያ ሲመለስ ነገርነው።  መጥበሻውን ከምድጃው አጠገብ አንስቶ ቦታው ላይ ሰቀለው።

ልጆቿን ለቅቃ መልሳ መሰብሰብ የተወችው ከአራት ቀን በኋላ ነው። ገንዳው ጥቃቅን ዓይን ብቻ ሆነ። እሷ ግን አሁንም አልበላችም። ጥግ ይዛ ቆመች፤ ጎኗ ገብቷል፣ ክንፏን እንኳ እምብዛም አታነቃንቅም። ያን ቀን ከቤት አልወጣሁም። እንጀራ አቀረብኩላት፣ ትል አቀረብኩላት፣ ተስፋ ቆርጬ ጓዳ ገባሁ።

ቀትር ላይ ድምፅ ሰምቼ በመስኮት አየሁ። አባቴ ነው። ሰው እንዳያየው ግራ ቀኙን አይቶ የጀለቢያውን እጅጌ እስከ ክርኑ ሰበሰበ። በውሃ የራሰ እንጀራ በሁለት ጣቱ ይዞ ክንዱን ገንዳው ውስጥ ሰደደ። ከንፈሩ በጾም ደርቋል።

«እኔ ጾመኛ ነኝ» አላት። «አንች ግን አራስ ነሽ። አራስ ጾም የለባትም፤ አላህ ራሱ ፈቅዶልሻል። ብይ።»

ቆየች። ከዚያ ከጥጉ ቀስ ብላ ወጣችና ከጣቱ ላይ ወስዳ በላች።