የጠፋው ሁለት ሜትር ተኩል

የተሳሳተው ሜትሩ ነው ብዬ ነበር። ሱቁን ከውጭ ስለካው ጥልቀቱ ስምንት ሜትር፣ ከውስጥ ስለካው አምስት ተኩል ይሆናል። ሁለት ሜትር ተኩል የሚወፍር ግድግዳ ደግሞ አይቼ አላውቅም። በማግስቱ ሌላ ሜትር ይዤ ተመለስኩ፤ ያው ሆነ። የአርክቴክቸር ዲግሪዬን ሳሎን ሰቅላ ለእንግዳ ሁሉ የምታሳይ እናት አለችኝ፤ እኔ ግን አንዲት ሱቅ መለካት አቃተኝ።

አንዋር መስጊድ ጀርባ ያሉ ባለሱቆች ተደራጅተው፣ አሮጌ ሱቆቻቸውን አፍርሰው፣ ታቹ ሱቅ ላዩ መኖሪያ የሆነ ሕንፃ ሊያሠሩ ተስማምተዋል። የእኔ ሥራ ነባሩን ለክቶ አዲሱን መንደፍ ነው። አልገጥም ያለኝ ሱቅ ባለቤት ክርና ቁልፍ የሚሸጡ ሽማግሌ ናቸው። ስጠይቃቸው፣ "ልጄ፣ አሮጌ ቤት እንደዚህ ነው፤ ዝም ብለሽ ጻፊ" ይሉኛል። ቤት ሲያረጅ ያጥራል እንዴ? አናደዱኝ። የደበቁኝ ነገር እንዳለ ገብቶኛል፤ ምን እንደሆነ ግን ግራ ገባኝ።

በሦስተኛው ቀን ተንበርክኬ ስለካ፣ ሽማግሌው ደንበኛ ሸኝተው የክር መደርደሪያውን በጣታቸው ኳ ኳ አደረጉት። ከመደርደሪያው ጀርባ "ኳ" የሚል መልስ መጣ። ሜትሩ ከእጄ ወደቀ።

አንገታቸውን ደፍተው መደርደሪያውን ገፋ አደረጉት። ከኮምፔርሳቶ ግድግዳው ወዲያ ጠባብ ክፍል፣ ክፍሏ ውስጥ አልጋ፣ አልጋው ላይ ባለቤታቸው ተኝተዋል። እግራቸው አይታዘዝላቸውም።

"እኔ ኳ ኳ ሳደርግ እንዴት ነሽ ማለቴ ነው፤ እሷ አለሁ ትለኛለች። እንደዚህ ነው የምንውለው" አሉኝ። "ሱቅ ውስጥ ይኖራሉ ብለሽ እንዳትጽፊብን ፈርቼ ነው።"

ሳምንት ሙሉ ሳልኩ፣ ደመሰስኩ። መኖሪያቸውን ከሱቃቸው ጀርባ ባደርገው የአደጋ ጊዜ መውጫው ይዘጋል፤ መውጫውን ባዞረው የጎረቤት ሱቅ ይቆረጣል። የተደራጁት ባለሱቆችም ምድር ቤት ላይ መኖሪያ የሚባል ነገር አንሰማም አሉ። እስከ አራተኛ ፎቅ ያለው ሁሉ ሱቅ ስለሆነ፣ በመጨረሻ ሱቃቸው ምድር ቤት፣ ቤታቸው አምስተኛ ፎቅ ሆነ። ፀሐይ ያገኛል፣ ሊፍት አለው፣ መታጠቢያ ቤቱ ተሽከርካሪ ወንበር ያስገባል። በየትኛውም መለኪያ ከዚያች ጨለማ ክፍል ይሻላል። ታዲያ ለምን እንደከፋኝ አላውቅም።

ፕላኑን ይዤ ሄድኩና ባንኮኒያቸው ላይ ዘረጋሁት። ከሥረኛው ወረቀት ሱቁን፣ ከላይኛው ቤቱን አሳየኋቸው። ስለ ፀሐዩ አወራሁ፤ ስለ ሊፍቱ አወራሁ።

"በመሃል ስንት ወረቀት አለ?" አሉኝ።

"አራት፣ ጋሼ። እያንዳንዱ ወረቀት አንድ ፎቅ ነው።"

 ከዚያ ጣታቸውን አጥፈው የላይኛውን ወረቀት ኳ ኳ አደረጉት። የወረቀቱ ክምር ድምፁን ዋጠው። እኔም ሳላስበው ጆሮዬን ባለቤታቸው ወዳሉበት ወደ መደርደሪያው አዙሬ መልስ ጠበቅኩ። ምንም አልተሰማም።