ተይዘው የታረሙ

በጥራት ቁጥጥር ክፍላችን «ተያዘ» የሚለው ቃል ቀኑን ሙሉ ሲጠራ ይውላል። ጨርቁ ከሥሩ መብራት በተገጠመለት ሰፊ ጠረጴዛ ላይ ቀስ እያለ ያልፋል። የተበጠሰ ድር፣ የሳሳ ማግ ወይም የዘይት እድፍ ያየ ሰው «ተያዘ!» ይላል፤ ጨርቁ ይቆማል፤ ቦታው ላይ በጠመኔ ምልክት ይደረጋል። ሥራው ይኸው ነው። እኔ ግን የመጀመሪያው ሰሞን ቃሉ በተጠራ ቁጥር እደነግጥ ነበር። በእኛ ሰፈር፣ ደሴ ሆጤ፣ «ተያዘ» ሲባል የሚያዘው ሰው ነበር። ጎረቤት ከጎረቤት በር ላይ ጠጋ ብሎ «የእነ እገሌ ልጅ ተያዘ» ይላል፤ ከዚያ በኋላ እስኪመሽ ድረስ በሰፈሩ ጮክ ብሎ የሚያወራ አይኖርም።

ዘመኑ የደርግ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ነጥብ ስላልመጣልኝ ኮምቦልቻ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተቀጠርኩ። ዘንድሮ፣ ልጆቼን ለቁም ነገር ካበቃሁ በኋላ፣ የማታ ትምህርት ጀምሬ አንደኛ ዓመት ተማሪ ሆኛለሁ። በቅርቡ መምህራችን «የቡድን ግብ በቁጥር የሚለካ መሆን አለበት» ብለው ሰሌዳው ላይ ሲጽፉ እኔም እንደ ልጆቹ በጥንቃቄ ገለበጥኩ። መምህራችን ትክክል ናቸው። ይሁን እንጂ በቁጥር የሚለካ ግብ እንዴት እንደሚያስፈራ አውቃለሁና፣ የማውቀውን ልጽፍ ፈለግሁ።

ቡድናችን ሦስት ሰው ብቻ ነበር። የቡድን መሪያችን ከሐርቡ የሚመላለሱ፣ ሽበት የጀመራቸው፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው ናቸው፤ እኔ «ጋሼ» እላቸዋለሁ። ሁለተኛዋ የኮምቦልቻ ልጅ፣ እዚያው ፋብሪካው አጠገብ የምትኖር ጨዋታ አዋቂ ሴት ናት፤ እሷን «እትዬ» ነው የምላት። ሦስተኛዋ እኔ ነኝ። ጽሕፈቴ ያምራል ስለተባለ ሰሌዳ ላይ መጻፍ የእኔ ሥራ ነበር።

አንድ ጠዋት የፋብሪካው የፖለቲካ ኃላፊ ሠራተኛውን ሁሉ ግቢው ውስጥ ሰበሰበ። ገና ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ሲናገር አገጩን ከፍ የሚያደርግ ወጣት ነበር። የምርት ዘመቻ መታወጁን ነገረን። እያንዳንዱ ክፍል ለሩብ ዓመቱ በቁጥር የሚለካ ግብ ያወጣል፤ ቁጥሩ በየሳምንቱ በር ላይ ባለው ትልቅ ሰሌዳ ይጻፋል፤ ከቁጥሩ ሥር የቡድኑ መሪ ስም ይሰፍራል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ከእንግዲህ ጉድለት ሁሉ አሻጥር ነው» አለ።

ማንም አላጨበጨበም። ወዲያው ደግሞ ሁላችንም አጨበጨብን። ከጥቂት ወራት በፊት የፈትል ክፍል ፎርማን በአሻጥር ተጠርጥሮ በላንድሮቨር ተወስዶ ነበር። የክፍሉ ቁጥር ጎድሎ ነው የተወሰደው። ሚስቱ በዚያን ጊዜም አልፎ አልፎ በሩ ላይ መጥታ ትቆማለች፤ ዘበኞቹም ወዴት እንደሚያዩ ይጠፋቸዋል።

ወደ ክፍላችን ስንመለስ እትዬ በሩን ዘጋችና፣ «በሉ እንግዲህ፣ ‹በተቻለን መጠን እንሠራለን› ብለን እንጻፍና እንገላገል» አለች።

«እሱ ቁጥር አይደለም» አሉ ጋሼ።

«ቁጥር ከፈለጉ ‹በአንድ ልብ› እንበላቸው፤ አንድ ቁጥር አይደለም እንዴ?»

ጋሼ ሳይፈልጉ ሳቁ። እኔ ግን ሁሉንም ማስደሰት እፈልግ ስለነበር ቸኩዬ፣ «ጉድለትን በግማሽ እንቀንሳለን እንበል፣ ጋሼ። አጭር ነው፤ እነሱም ደስ ይላቸዋል» አልኩ።

ጋሼ ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋውን ጨርቅ በመዳፋቸው ዳሰሱት። «እኛ እንሸምናለን እንዴ፣ ልጄ?»

«አንሸምንም።»

«ታዲያ የምናየውን ጉድለት በግማሽ ለመቀነስ ምን እናደርጋለን? ለእኛ ቀላሉ መንገድ አንድ ዓይናችንን መጨፈን ነው። በሩብ ዓመት ውስጥ ግባችንን እንመታለን፤ ጨርቁ ግን ያው ነው።»

ከሰዓት በኋላውን በዚሁ ጉዳይ ስንነጋገር ዋልን። በመጨረሻ የጻፍነው ይህንን ነበር፦ እያንዳንዱን ጣቃ ጨርቅ ሁለት ሰው ያየዋል፤ ያየነው ጉድለት ሁሉ በዚያው ፈረቃ ለሸማኞቹ ይነገራል፤ ሩብ ዓመቱ ሲያልቅ እኛ አሳልፈነው ከማቅለሚያ ክፍል የሚመለስብን ጣቃ በግማሽ ይቀንሳል። ዛሬም ሳስበው ጥሩ ግብ ነበር። በእጃችን ያለውን ሥራና የምንፈልገውን ውጤት ለይቶ ያስቀመጠ ነበር።

ሰሌዳው ላይ ግን ለዚህ ሁሉ ቦታ አልነበረም። ቢሮው ለሁሉም ክፍል አንድ ዓይነት አምድ አሰምሮ ነበር። የእኛው አምድ ርዕስ በቀይ ቀለም «የጉድለት ብዛት» ይላል፤ ከሥሩ የጋሼ ስም አለ።

ሥራውን ጀመርን። አንድ ሰው ሲያየው የነበረውን ጨርቅ ሁለት ሰው ሲያየው ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። በፊት ያላየነውን ማየት ጀመርን። እትዬ ያለፈችውን እኔ እይዛለሁ፤ እኔ ያለፍኩትን እሷ። በየፈረቃው እየሄድን ለሸማኞቹ ስንነግር ደግሞ በሽመና መኪኖቹ ጩኸት መሐል ስድብ ይቀበለናል።

«መጡ ዓቃቤ ሕጎቹ!» ትላለች አንዷ ሸማኔ። «ዛሬስ የማንን ራስ ልትበሉ ነው?»

«ያንቺን አይደለም፤ ያንቺ ራስ ሻሽ ብቻ ነው» ትላታለች እትዬ፤ ወዲያው ግን ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ፣ «ወላሂ በስምሽ አንጽፍም። መኪናው ነው የታመመው፤ ድሩን በግራ በኩል ይበጥሳል፤ ለመካኒኩ ንገሪው» ትላታለች።

በስም አለመጻፍ የጋሼ ትእዛዝ ነበር። የመኪናውን ቁጥር እንጂ የሰውየውን ስም ማንሳት አይፈቅዱም። ቀስ በቀስ ሸማኞቹ ራሳቸው «ኑ፣ ይቺን እዩልኝ» ማለት ጀመሩ። መካኒኩም አንዳንዱን የተበላ ዕቃ ቀየረ፤ አንዳንዱን መለዋወጫ ስለሌለ በሽቦ አሰረው። ጨርቁ እየተሻሻለ እንደሆነ በእጃችን ይታወቀን ነበር።

ሰሌዳው ግን ሌላ ይናገር ነበር። በየሳምንቱ መጨረሻ ጠመኔ ይዤ ወንበር ላይ እወጣለሁ፤ በየሳምንቱ የምጽፈው ቁጥር ካለፈው ይበልጣል። የሌላው ክፍል ጉድለት እየወረደ ነው፤ የእኛ ብቻ ይወጣል። ሠራተኛው በበሩ ሲያልፍ ሰሌዳውን ቀና ብሎ ያይና ፍጥነቱን ይጨምራል። እያንዳንዱን አኃዝ ስጽፍ በጋሼ ስም ላይ ድንጋይ የምከምር ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን አልቻልኩም። «ጋሼ፣ ዛሬ ትንሽ ዝቅ አድርጌ ልጻፈው? ማን ይቆጥራል?» አልኳቸው።

አልተቆጡም። «እስካሁን አሻጥር አልሠራንም» አሉኝ። «ቁጥሩን ዝቅ ካደረግሽው ግን እውነትም ሠራን ማለት ነው። ያን ጊዜ ሲጠይቁኝ ምን ብዬ እመልሳለሁ? ባለው ጻፊው።»

ባለው ጻፍኩት።

በማግስቱ፣ ፈረቃችን ሊያልቅ ሲል፣ የቢሮ ተላላኪ መጥቶ «የጥራት ቡድን መሪ በኃላፊው ይፈለጋል» አለ። ጋሼ ጋዋናቸውን አውልቀው በጥንቃቄ አጠፉት። እትዬ «አያ፣ ላይኛው ልብስዎን ይልበሱ፤ ብርድ ነው» አለቻቸው። ብርድ አልነበረም። ኮምቦልቻ ሙቀቱ ገና አልበረደም። እሳቸውም ለእስር ቤት አዳር ማለቷ እንደሆነ ገብቷቸው ኮታቸውን ደረቡና ወጡ።

የሠራተኛ ሰርቪስ ሁለት ነው፤ አንደኛው ወደ ሐርቡ ይወርዳል፣ ሁለተኛው ወደ ደሴ ይወጣል። ሁለቱም ሞተራቸውን አስነስተው ቆመዋል። ቢሮው በር ላይ ላንድሮቨሩ ሞተሩ ሳይጠፋ ቆሟል። ወደ ደሴው ሰርቪስ ገብቼ በመስኮት ወደ ቢሮው ማየት ጀመርኩ። ጋሼ አልወጡም። ሾፌሩን «እባክህ ትንሽ ጠብቅ፣ ነጠላዬን ረስቼ ነው» አልኩት። ነጠላዬ ትከሻዬ ላይ ነበር። ሾፌሩ ነጠላውንም እኔንም አየና ትንሽ ጠበቀ። ከዚያ ግን ሄደ። የሐርቡው ሰርቪስ ሲነሣ አላየሁም፤ ጋሼ ይግቡበት አይግቡበት አላወቅሁም።

የሐረጎን ዳገት እስክንጨርስ በመስኮት ወደ ኋላ አየሁ። ቤት ስደርስ እናቴ «ምን ሆነሻል?» አለችኝ፤ «ራሴን አሞኛል» አልኳት። ለእሷ መንገር እሷንም መጨመር መስሎ ታየኝ።

ጠዋት ፋብሪካው ደርሼ አልገባሁም። በሩ ላይ ቆሜ የሐርቡውን ሰርቪስ ጠበቅሁ። መጣ። ሰዎቹ አንድ በአንድ ወረዱ፤ ሴቶቹ፣ ጥጥ ጫኞቹ፣ ምሳ ዕቃ ያንጠለጠሉት። ሾፌሩ የመጨረሻውን ሰው አውርዶ በሩን ዘጋ። ጋሼ የሉም።

እግሬን እየጎተትኩ ወደ ክፍላችን ሄድኩ። ለእትዬ እንዴት እንደምነግራት እያሰብኩ በሩን ስከፍት የጠረጴዛው መብራት በርቷል። ጋሼ በትናንቱ ኮታቸው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ እትዬ ቆማ ዳቦ እየቆረሰች በግድ ታበላቸዋለች። ዓይናቸው ቀልቷል። እኔን ሲያዩ «ገባሽ? በሩን ዝጊው» ብቻ አሉኝ።

ኃላፊው እስኪመሽ ኮሪደር ላይ አስቀምጧቸው ነበር። ላንድሮቨሩ እየተነሣ በተመለሰ ቁጥር ለእሳቸው የመጣ እየመሰላቸው ቆዩ። ሰርቪሱ ካመለጣቸው በኋላ ተጠሩ። በኋላም ከተለቀቁ ወዲያ እዚያው ኮምቦልቻ ዘመድ ቤት አደሩ። ቢሮ ውስጥ የሆነውን እንዲህ ብለው ነገሩን፦

«ልጁ ራሱ ፊቱ አመድ መስሏል። ‹ይህን ቁጥር ይዤ ነገ ደሴ ስብሰባ እገባለሁ፤ ማንን ነው የሚጠይቁት? እኔን ነው! ለምን ጨመረ?› አለኝ። ‹ጓድ፣ ጉድለቱ አልጨመረም፤ የያዝነው ነው የጨመረ› አልኩት። ‹ምን አልክ?› አለኝ። ‹በፊት ሳይያዝ ገበያ ይወጣ የነበረውን አሁን እዚህ እንይዘዋለን፤ ይዘን እናሳርመዋለን። ከማቅለሚያ የሚመለሰው ቀንሷል፤ ልከው ይጠይቁ› አልኩት። ስልክ ደውሎ ጠየቀ። ከዚያ ‹ተይዘው የታረሙ› ብሎ ወረቀት ላይ ጻፈ። ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው። እንደገና አነበበው። ‹ይህ ሌላ ነው፣› አለ። ‹ይህማ ንቃት ነው።›»

እትዬ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ያ አላህ! በቃል ነው የዳኑት?»

«በቃልም፣ በማቅለሚያ ክፍሉ ስልክም» አሉ ጋሼ። «ስልኩ ባይሠራ ኖሮ አላህ ያውቃል።»

ማንም አልሳቀም። ያንን ስልክ አውቀዋለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ አይሠራም።

ያን ዕለት ጠዋት ወደ ሰሌዳው ተላክሁ። ኃላፊው ራሱ ወደ ደሴ ከመሄዱ በፊት አጠገቤ ቆሞ «የጉድለት ብዛት» የሚለውን አስጠፋኝ፤ በቦታው «ተይዘው የታረሙ» ብዬ ጻፍኩ። ከጎኑም እኛ ያወጣነውን ግብ ጨመርን፦ «ከማቅለሚያ የተመለሱ»። ቁጥሩ ያው የትናንቱ ቁጥር ነው፤ ትናንት ሰው የሚያስወስደው ዛሬ የሚያስመሰግን ሆነ። ኃላፊው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዶ አየውና «ጎላ አድርጊው፤ ከመንገድ ይታይ» አለኝ። ላቡን በመሐረብ ሲጠርግ አየሁት። እሱም እንደ እኛ ሳይተኛ ያደረ ይመስል ነበር።

ሩብ ዓመቱ ሲያልቅ ግባችንን መታን። ከማቅለሚያ የሚመለሰው ጣቃ ካሰብነው በላይ ቀነሰ፤ የተያዙትም ቁጥር መኪኖቹ እየታከሙ ሲሄዱ በራሱ ጊዜ ወረደ። ባንዲራ ተሰጠን፤ ተጨበጨበልን። ጋሼ ባንዲራውን ሲቀበሉ ፊታቸው ላይ ያየሁት ደስታ አልነበረም። ሰው ስሙ በስብሰባ ላይ ሲጠራ፣ ለምስጋናም ቢሆን፣ በዚያ ዘመን መጀመሪያ የሚሰማው ድንጋጤ ነበር።

እኔንና እትዬንም ፍርሃቱ አልለቀቀንም። ጋሼ ቢሮ ከተጠሩበት ቀን ጀምሮ ፈረቃ ሲያልቅ እትዬ ቤቷ አጠገብ ሳለ ወደ ቤቷ አትሄድም፤ እኔም ወደ ደሴው ሰርቪስ አልሄድም። ሳንነጋገር ሁለታችንም ሄደን የሐርቡው ሰርቪስ በር ላይ እንቆማለን። ጋሼ ቆይተው ይመጣሉ፤ ሲያዩን ይቆጣሉ።

«ምንድን ነው ይሄ? ልጅ ነኝ እንዴ የምትሸኙኝ? ሰው ምን ይላል?»

«ምን ይላል? ሁለት ሚስት አላቸው ይላል፤ ይግቡ አያ» ትላቸዋለች እትዬ።

ይገባሉ። መስኮቱ ጋ ተቀምጠው እስክናያቸው ድረስ አንንቀሳቀስም። ሰርቪሱ ከግቢው ወጥቶ ወደ ሐርቡ ሲታጠፍ እትዬ በረጅሙ ትተነፍሳለች፤ እኔም የደሴው ሾፌር ጥሩንባ እየነፋ ሲጠራኝ እሮጣለሁ።