አርባ አንድ ቁራጭ

ሰፈሩ «ባለድሪቶዋ» ይላታል። ስሙ የወጣላት ለማሾፍ ነበር፤ እሷ ግን ወደደችው። «ድሪቶ ምን ነውር አለው? የተቀደደውን ሸፍኖ ያሞቃል። ስንቱ ሰው ይህን ይችላል?» ትላለች። ሥራዋ ከአሮጌ ልብስ ብርድ ልብስ መስፋት ነው። ልጁ ያደገበት፣ ሰው የሞተበት፣ ለመጣል አንጀቱ እምቢ ያለው ሁሉ ልብሱን በፌስታል ጠቅልሎ ይመጣል። ባሏ አናጢው ከስስ ጣውላ የሠራላትን ባለአራት ማዕዘን መለኪያ ጨርቁ ላይ ታደርግና ዙሪያውን በጠመኔ አስምራ ትቆርጣለች። ቁራጩ ሁሉ እኩል ነው።

ሁለት ሕግ አላት። የአንዱን ቤት ጨርቅ ከሌላው ቤት አትቀላቅልም፤ ከተቆረጠው ደግሞ አንድም አታስቀርም። ስለዚህ መርፌ ከማንሳቷ በፊት ቁራጮቹን ወለሉ ላይ እየደረደረች ከቁጥሩ ጋር ትደራደራለች። ሠላሳ ስድስት ገራም ነው፤ ስድስት በስድስት ቢሉት እሺ፣ አራት በዘጠኝ ቢሉትም እሺ። ሠላሳ አምስትም አምስት በሰባት ካሉት አያስቸግርም። በየትኛውም ረድፍ ቢሞክሩት ትርፍ የሚያመጣውን ግን «እምቢተኛ» ትለዋለች። እምቢተኛ ሲገጥማት የልብሱን ባለቤት «እስቲ ሣጥንሽን ፈትሺ፣ የረሳሽው አይጠፋም» ብላ ትመልሳለች።

ልጇ ስታረግዝ፣ ለመጀመሪያ የልጅ ልጇ ከሟች እናቷ ቀሚሶች ልትሰፋ ተነሣች። ቆርጣ ስትጨርስ አርባ አንድ ሆነ። በሁለት ረድፍ ሞከረች፣ አንድ ተረፈ። በሦስት፣ ሁለት። በአምስት፣ አንድ። በስድስት ጭራሽ አምስት ተረፈና አረፈው።

አናጢው በሩን ተደግፎ ያያታል። «በአንድ ረድፍ አስኪጂዋ!»

«ለእባብ ነው እንዴ የምሰፋው፣ አንተ ሰውዬ?»

«እንግዲያው አንዱን ለሁለት ቁረጪና አርባ ሁለት ይሁንልሽ።»

«ግማሽና ግማሽ ከመቼ ወዲህ ነው ሁለት የሆነው? ሂድ እንጨትህን ላግ!»

«በቃ አንዱን ጣይው። አርባ ከሆነ አምስት በስምንት ይሄድልሻል።»

አንዱን አረንጓዴ ቁራጭ አነሣች፤ መልሳ አስቀመጠችው። አበባ ያለበትን አነሣች። እሱንም መለሰች። «እማዬን ከየት በኩል ነው የምጥላት?» አለች።

አናጢው ቀልዱን ተወ። «የጎደለው የት እንዳለ እኮ ታውቂያለሽ» አላት ዝግ ብሎ።

ታውቃለች። የእናታቸው ሰማያዊ የአንገት ልብስ ታናሽ እህቷ ጋ ነው። ዕቃው ሲከፋፈል ታናሽየው ሳትጠይቅ አንገቷ ላይ ጣል አድርጋው ሄደች፤ ባለድሪቶዋም ሰው ፊት «ሌባ» አለቻት። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ሲገናኙ አንዷ ትሻገራለች። አሁን ወይ የእህቷን በር ማንኳኳት ነው፣ ወይ ሕፃኑ ያለ ቅድመ አያቱ ብርድ ልብስ መቅረቱ ነው።

ታናሽየው ፀጉር ሠሪ ናት። ባለድሪቶዋ ስትገባ የመጨረሻዋ ደንበኛ እየወጣች ነበር።

«እትዬ! ምን እግር ጣለሽ?»

«አንድ ቁራጭ ጎድሎኝ።»

«እኔስ አልጎደልኩሽም?»

ባለድሪቶዋ መዋሸት አታውቅበትም። «በአርባ አንድ ፈንታ አርባ ወጥቶልኝ ቢሆን ኖሮ አልመጣም ነበር» አለች።

ታናሽየው ሚዶዋን እንደያዘች ቆማ አየቻት፤ ከዚያ ሳታስበው ሳቋ አመለጣት። «ተመስገን፣ አርባ አንድ ወጣ!»

«ያ ያልኩሽ ነገር ከአፌ ባልወጣ።»

«ወጥቷል እንግዲህ። አሞኝ ነበር፤ እንዳላመመኝ አትቁጠሪው። አሁን ተቀመጪ፣ ፀጉርሽ ራሱ ድሪቶ ሆኗል።»

ካበጠረቻት በኋላ ከጓዳ ሰማያዊውን አመጣች፤ አመጣች እንጂ አልሰጠችም፣ ጉልበቷ ላይ አኖረችው። ባለድሪቶዋ ከቦርሳዋ መለኪያውን አወጣች።

«መለኪያውንም ይዘሽ? እንደምሰጥሽ ማን ነገረሽ?»

መለኪያው ሲቀመጥበት ጨርቁ ልክ ሁለት ቁራጭ ወጣው። ባለድሪቶዋ በጣቷ መቁጠር ጀመረች። አርባ ሦስት። በሦስት አንድ ይተርፋል፣ በአምስት ሦስት፣ በስድስት አንድ። «ኧረ ይኼም እምቢተኛ ነው!» አለችና ግንባሯን ያዘች።

«አንዱን ብቻ ብትወስጂስ?»

«አርባ ሁለት ይሆናል። ስድስት በሰባት፣ እንደ በግ የገራ።»

«ታዲያ ሌላው ይቅርልኝ እትዬ። እኔ የእማዬ የሆነ ሌላ ምንም የለኝም።»

በባለድሪቶዋ ቤት የተቆረጠ አይቀርም። ለሰው ሁሉ የነገረችው፣ ስንቱን ደንበኛ የመለሰችበት ሕግ ነው። እህቷን አየች፤ የጨርቁን ጫፍ በሁለት እጇ ጨብጣዋለች።

«አንቺ ጋ ካለ ቀረ አይባልም» አለችና መቀሷን አነሣች። «እንዳይሸሽብኝ ጥብቅ አድርገሽ ያዢ።»

«ቀስ በይ ታዲያ!»

«ሰፊ ማን ነው፣ እኔ ነኝ አንቺ? ዝም ብለሽ ያዢ።»